ከሦስት መቶ አንድ ሲጎድል

ሐመልማል ደገፉ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አባ ኮዳ ቆጥራለች። እንጀራዋ ይኸው ነበር። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐሮ ሐይቅ ዳር ከተዘረጋው አጥር ጀርባ ትቆማለች፤ ማሽኑ ይቆጥራል፣ እሷ ትፈርማለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ክረምትም ሆነ በጋ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። አንዱ ከሞተ ወይም አጥሩን አልፎ ከጠፋ በስምንት ሰዓት ውስጥ ከማስፈልፈያው ሌላ ይመጣና ክፍተቱ ይሞላል። ወፎቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው ያምራሉ። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ያስፈራሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቆማሉ እንጂ አይበሩም። ጎጆ ሠርተው እንቁላል ከጣሉ ስድስት ዓመት አልፏል። ቅጹ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ አልነበረም። ቅጹ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ደህና ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለወፍና ለዓሣ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ይኑር፣ ለብቻው ይመገብ፣ ለብቻው ይቆጠር ተባለ፤ ተደረገም። ጉማሬው በጉማሬ ግቢ፣ ጦጣው በጦጣ ግቢ። ቁጥራቸው ሳይዋዥቅ አሥር ዓመት ሲሞላ አንዱ ብልጥ ተነሣና «ታዲያ ሰውስ?» አለ። ጉባኤ ተጠራ። የሐሮ አባ ኮዳዎች ሰንጠረዥ በምሳሌነት ቀረበ፤ ከሥሩ የሐመልማል ፊርማ አለበት። ያኔ የምስክር ወረቀት ሰጧት፣ ፎቶም አነሷት። አይፈረድባትም፣ ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ሕንፃዎቹ ተሠሩ። ለሚያጠቡ እናቶች አንድ፣ ለተማሪዎች አንድ፣ ላጤ ለሆኑ ሠራተኞች አንድ። ሰባ ለሞላቸው አዛውንቶችም ሦስት መቶ ክፍል ያለው የሰባ ዓመት ሕንፃ። ሁሉም በአንዴ አልተወሰደም። ክፍተት ሲኖር በተራ ነው። የተራው ዝርዝር የት እንዳለ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም ግን የሚያውቅ የለም።

ሐመልማል ቤት ሦስት ሰው ይኖራል፤ እሷ፣ የሰባ አራት ዓመት አባቷ አቶ ደገፉ፣ የስምንት ዓመት ልጇ ሲፈን። የጎን ጎረቤታቸውን እትዬ ረሒማን ከጨመርን አራት፤ አለመጨመር ደግሞ አይቻልም። እትዬ ረሒማ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሳምቡሳ ጠብሰው ይሸጣሉ፣ የሐመልማልን ቤት ቁልፍ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው። ሲፈን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እሳቸው ቤት ነው። አቶ ደገፉ ለእትዬ ረሒማ ዘይት ተሸክመው ያመጣሉ። እትዬ ረሒማ ለአቶ ደገፉ የመድኃኒታቸውን ሰዓት ያስታውሳሉ። ሲፈን ለሁለቱም የስልካቸውን መልእክት ታነብላቸዋለች፤ ያለ ሳምቡሳ ግን አታነብም። ማን ለማን ምን እንዳደረገ ሒሳብ ተይዞ አያውቅም።

ደብዳቤው በነሐሴ መጣ። «በሰባ ዓመት ሕንፃ አንድ ክፍተት ስለተፈጠረ ተራዎ መድረሱን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። ክፍተት ተፈጠረ ማለት አንድ ሰው ሞተ ማለት ነው። ማን እንደሆነ አይጽፉም።

«ተራ ደረሰ?» አሉ አቶ ደገፉ፣ ሲፈን አንብባ ስትጨርስ። «የቀበሌ ስኳር ነው እንዴ?»

እትዬ ረሒማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ወላሂ፣ ይሂዱልኝና እኔም ጆሮዬ ይረፍ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ከአፋቸው ሳይወጣ ቀረና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጋሽ ደገፉ፣ እዚያ ማን ነው የሚነዘንዝዎት?»

በማግሥቱ ሐመልማል የዓይነት አስተዳደር ቢሮ ሄደች። ኃላፊው አቶ ምናሴ ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ትጮህበት ነበር።

«ወይዘሮ ሐመልማል፣ አባትዎን እዚያ ሐኪም በሳምንት ሁለቴ ያያቸዋል። ቤትዎስ?»

«ቤትማ እኛ አለን።»

«እናንተ እኮ ሦስት ዓይነት ናችሁ። ሕፃን፣ ሠራተኛ፣ አዛውንት። ሦስት ዓይነት ምግብ፣ ሦስት ዓይነት ሐኪም፣ ሦስት ዓይነት እንቅልፍ። እርስዎ ይህን ላያውቁ ነው?»

«ወፎቹ እንቁላል አይጥሉም አቶ ምናሴ። ስድስት ዓመታቸው።»

«ቁጥራቸው ቀንሷል?»

«አልቀነሰም።»

«ታዲያ?»

ለታዲያው መልሱ አንድ ጊዜ ነበራት። የቆጣሪዎች መመሪያ የመጀመሪያ ትምህርቱ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ቦታ የሚኖሩ የአንድ ዓይነት ፍጥረታት ሕዝብ ይባላሉ፤ ሕዝብ ይቆጠራል። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ማኅበረሰብ ነበር። ልዩ ልዩ ዓይነቶች በአንድ ቦታ ሲኖሩ፣ አንዱ ሌላውን ሲመግብ፣ ሲበላ፣ ሲያጸዳ፣ ሲያስጠልል። እሷ ስትሠለጥን ግማሽ ገጽ ነበረች። በሦስተኛው እትም ግን ግማሽ ገጿ ወጥታለች፤ ምክንያቱም ማኅበረሰብን በአንድ ቁጥር መጻፍ አይቻልም።

አባቷ ግን መመሪያ ሳያነቡ ያውቁት ነበር። ማጥመድ ለማሽን ከመሰጠቱ በፊት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። «እኛ የዓሣውን ሆድ ዕቃ እንጥላለን» ይሏት ነበር ትንሽ ልጅ ሳለች፣ «አባ ኮዳ ይለቅመዋል፣ ዳርቻው አይገማም፣ ሴቶቹ እዚያው ይጠብሳሉ፣ ውሻው አጥንቱን ይወስዳል። ሰው ባይኖር አባ ኮዳ እዚያ ምን ሊሠራ ይቆማል?» ስትመዘግብና ስትሸለም ይህን ረስታው ነበር። አሁን ትዝ አላት።

አቶ ደገፉ በዘጠነኛው ቀን ገቡ። ልብሳቸውን ራሳቸው አጣጥፈው፣ ሲፈንን ግንባሯን ስመው፣ «አይዞሽ፣ ሦስት ፌርማታ ነው» ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ሐመልማል ዕድገት ተሰጣት፤ ከወፍ ወደ ሰው ተዛወረች። የምትቆጥረው የሰባ ዓመትን ሕንፃ ነው። አባቷ እዚያ እንዳሉ ለአቶ ምናሴ ብትነግረው «ቁጥር ዘመድ አይለይም» ብሎ ፈገግ አለ። እውነትም ሊያጽናናት ፈልጎ ነበር።

የሰው ቆጠራም ያው እንደ ወፉ ነው። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደወል ይደወላል፤ የሚሰማው ስለሌለ በየክፍሉ መብራት ብልጭ ይላል። ሦስት መቶ አዛውንቶች በየበረንዳቸው ይወጡና ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። ማሽኑ እጆቹን ይቆጥራል፤ ሐመልማል መንገዱ ማዶ ቆማ ትፈርማለች። አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ ሁሉም ይገባሉ፣ ለስላሳ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ የደም ግፊታቸው የተስተካከለ ነው። ጤናን በተመለከተ የሚነቀፍ ነገር የለም።

እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት መጠየቅ ይፈቀዳል። ሐመልማል ሦስተኛው እሑድ ላይ አባቷን አየቻቸውና ደነገጠች። ሚዛኑ አልቀነሱም ይላል፤ ለእሷ ግን ከምታውቃቸው ሰውዬ ግማሹ የለም።

«ምን ጎደለህ አባዬ?»

«ምንም። ምን ይጎድላል? ሁሉ ነገር አለ።»

«አውራኝ እስቲ።»

«ምኑን ላውራ? የጎርፉን ዓመት ጀመርኩላቸው። ሁሉም እዚያው ነበሩ፤ ሁሉም ያውቁታል። ‹ከዚያስ?› የሚለኝ ሰው የለም።» ኮሪደሩን በአገጫቸው አሳዩአት። ጨለማ ነው። «አምፖሉ ከተቃጠለ ወር ሆነው። ወንበር ላይ የሚወጣ ጉልበት ከሦስት መቶው ሰው አንዱ ጋ የለም። የአንዳችን ጉልበት የሁላችንም ጉልበት ነው። የአንዳችን ጆሮ የሁላችንም ጆሮ። እርስ በርስ እንጯጯኻለን፣ የሚሰማ የለም።»

ሐመልማል ወንበር ስባ አምፖሉን ልትቀይር ስትነሣ ሰዓቱ አለቀ ተባለች።

ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ዓይኗ አምስተኛው ፎቅ ላይ ይተከላል። አባቷ እጃቸውን በመጀመሪያው ደቂቃ ያነሡ ነበር። ቆይቶ በሦስተኛው ሆነ፣ ከዚያ በአምስተኛው። አንድ ማክሰኞ ዘጠነኛው ደቂቃ እስኪደርስ በረንዳው ባዶ ነበር። ሐመልማል መንገዱን ልትሻገር ስትል አንዲት የቀጠነች እጅ በመጋረጃው መሐል ወጣች። ሦስት መቶ። ፈረመች። ያን ዕለት ልታወጣቸው ወሰነች።

ማውጣቱ ከምታስበው በላይ ቀላል ነበር። በሩ የሚቆጥረው የሚገባውን ነው፤ የሚወጣ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። እሑድ ስትጠይቃቸው መከሩ፤ ሐሙስ ጧት ቆጠራው ከማለቁ በፊት አቶ ደገፉ በልብስ ማጠቢያው በር ወጥተው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ፌርማታው ድረስ በእግራቸው መጡ። ማሽኑ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ አለ። ሐመልማል ምክንያቱን መምረጥ ነበረባት። «ሞት» ብትል አስከሬን ይጠይቃል። «ያልታወቀ» የሚለው ግን ምንም አይጠይቅም፤ አጥር ዘሎ ለጠፋ ወፍ የምትሞላው እሱን ነበር። ነካችው፣ ፈረመች። ቁጥሩ እውነት ስለሆነ ሕሊናዋ አልቆረቆራትም።

ያን ዕለት ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። እትዬ ረሒማ አቶ ደገፉን በሩ ላይ ሲያዩ እልል ሊሉ የከፈቱትን አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሰውዬው! ከስተው እንዴት አስቀያሚ ሆነዋል!» አሉ በሹክሹክታ። አቶ ደገፉ ሁለት ወር ሙሉ ያላወሩትን አወሩ። እትዬ ረሒማ «ውሸታም! ያኔ ጎርፉ እስከ ጉልበት እንጂ እስከ ደረት መቼ ደረሰ?» እያሉ ተቆጡ። ቀትር ላይ ሳምቡሳ ልጥበስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሐመልማል ጥላሸት ከላዩ የተገፈፈለት ያህል ቤቱ በራላት።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲፈን ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን አላወረደችም።

«እማ፣ የእትዬ ረሒማ በር ላይ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፏል።»

ሐመልማል ሮጣ ወጣች። በሩ ታሽጓል። በመስኮቱ ሲያዩት ምድጃው ጠፍቷል፤ መጥበሻው ውስጥ ያለው ዘይት ገና ይጤሳል። ወረቀቱ ላይ «በሰባ ዓመት ሕንፃ አንድ ክፍተት ስለተፈጠረ» ይላል።

እዚህ ላይ የሠራችው ስሕተት ዕድሜውን ወፍ ሲቆጥር የኖረ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው። ክፍተት በስምንት ሰዓት ውስጥ እንደሚሞላ ታውቃለች፤ ሺህ ጊዜ ፈርማበታለች። ከየት እንደሚሞላ ግን አላሰበችም። ለወፍ ማስፈልፈያ አለው። ለሰው ማስፈልፈያው የሌላ ሰው ቤት ነው።

አባቷ ከኋላዋ መጥተው ወረቀቱን አዩት። ማንበብ አላስፈለጋቸውም። «በእኔ ቦታ ነው የገባችው?» አሉ።

«አባዬ...»

«በእኔ ቦታ ነው ወይ አልኩሽ!»

«አዎ።»

ጋቢያቸውን አነሡና መንገድ ጀመሩ። ሐመልማልና ሲፈን ተከተሏቸው። ሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ አቶ ደገፉ ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ፦ «መጥቻለሁ። እሷን አውጧት።» በሩ «ሞልቷል» አለ። ደግመው ገፉት። «ሞልቷል።»

አቶ ምናሴ ተጠርቶ መጣ። አሁንም ጨዋ ነው፤ ለአዛውንቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ያለው ችግር ይገባኛል። ግን አቶ ደገፉ በዝርዝሩ የሉም። ‹ያልታወቀ› ተብለዋል። ፈራሚዋ እርስዎ ነዎት ወይዘሮ ሐመልማል።»

«እሳቸው ይግቡና እትዬ ረሒማ ይውጡ። አንድ ለአንድ ነው፤ ቁጥሩ አይነካም!»

«ወይዘሮ ረሒማ ከወጡ ክፍተት ይሆናል። ክፍተት የሚሞላው በተራ ነው። ተራው የአባትዎ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ሌላ ቤት ሊንኳኳ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እባክዎ ከእንግዲህ ምንም አይንኩ።»

ሐመልማል ምንም አልነካችም። እያንዳንዱ የጎደለ እጅ አንድ በር እንደሚያሳሽግ አሁን አውቃለች፤ ያወቀች ዕለት እንቅልፍ ተሰናበታት። አቶ ደገፉ ግን ጧት ጧት አብረዋት መምጣት ጀመሩ። ሲፈንን ይዘው ከበረንዳው ሥር ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፤ እትዬ ረሒማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። ማንም የሚያያቸው አልመሰላቸውም እንጂ አቶ ደገፉ ያለቅሱ ነበር።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ረሒማ ቆጠራው ሳይጀመር ወጡ። ከአንሶላ ጫፍ በተቀደደ ገመድ አንድ ብልቃጥ አሰሩና ወደ ታች ለቀቁት። ውስጡ ማርማላታ ነው። ከሦስት መቶ ሰው መሐል ክዳኑን የሚያዞር እጅ ጠፍቶ ወር ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲዞር የነበረ ብልቃጥ ነው። ሲፈን ጭኗ መሐል አጥብቃ ያዘችውና ጥርሷን ነክሳ ፈተለችው። ጧ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ አጨበጨቡ።

በማግሥቱ ሰባት ገመድ ወረደ። ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ፣ ክር ያልገባበት መርፌ፣ ማንበብ ያቃተ የመድኃኒት ወረቀት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከላይ ወደ ታች መውረድ ብቻ አልቀረም፤ ሲፈን የትምህርት ቤት የሒሳብ ደብተሯን ወደ ላይ ላከች። አንዲት የቀድሞ መምህርት ከአራተኛ ፎቅ አርመው በቀይ መለሱላት። «ከዚያስ?» ብላ በትልቁ ጽፋ በገመድ ትልካለች ልጅቷ፤ እነሱም ተራ በተራ ይነግሯታል።

መብራቱ ብልጭ ያለው በዚህ መሐል ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት። ማሽኑ ቆጠረ። ሁለት መቶ ሰባ አንድ።

ሐመልማል ቀና ብላ አየች። ሃያ ዘጠኝ ሰው ሁለት እጁን ገመድ ላይ አድርጓል። ሃያ ዘጠኝ የታሸገ በር ታያት። «እጃችሁን አንሡ!» ብላ ጮኸች። «እትዬ ረሒማ! ኧረ በፈጠራችሁ፣ እጃችሁን!» የሚሰማ የለም፤ ጆሯቸው ያው የሁሉም አንድ ነው። እጇን እያወዛወዘች ወዲያ ወዲህ ሮጠች። ሰላምታ መስሏቸው ሣቁላት። ስድስተኛው ደቂቃ አለፈ፣ ስምንተኛው። ሁለት መቶ ሰባ አራት።

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የሐመልማል ቁጥር በአንድ ተዛብቶ አያውቅም። ማሽኑ በደንብ ሳያይ ሲቀር ቆጣሪው እንዲያርም ይፈቀድለታል፤ ምክንያቱን ግን መጻፍ አለበት። ሁለት መቶ ሰባ አራትን አጠፋች። ሦስት መቶ ብላ ጻፈች። ምክንያት፦ ጉም።

ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነበር።

በማግሥቱም ጉም ጻፈች። በሦስተኛው ቀንም። እንዲህ እያለች ሃያ ሁለት ቀን በተከታታይ በሐሮ ጉም ወረደ፤ ያውም በኅዳር። በየዕለቱ ከፈረመች በኋላ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ መንገዱ ትዞራለች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን መኪናው መጣ። አቶ ምናሴ ወረደ። ለጉሙ ብሎ ወፍራም ካፖርት ለብሷል፣ የአንገት ልብስም ይዟል። ወደ ሰማዩ አየ። ወደ ገመዶቹ አየ፤ ከሃምሳ ይበልጣሉ። ሲፈንን አየ፣ ከጎኗ የተቀመጡትን ‹ያልታወቀ› ሰውዬ አየ። መጨረሻ ላይ ማሽኑን ከሐመልማል እጅ ተቀብሎ አነበበ። ሁለት መቶ አርባ ስምንት።

«ወይዘሮ ሐመልማል» አለ፣ «ዛሬ የአየሩ ሁኔታ ምንድን ነው?»

አባቷ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ጉም ነው» አለች።

አቶ ምናሴ ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ ቆየ። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ታስጨፍነው ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ገመዷን እየሳበች ነው።

«እናቴ በታኅሣሥ ሰባ ይሞላታል» አለ።

ማሽኑን መለሰላት። ከዚያ የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ።